ክንፍ ስንት ያወጣል?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛችን ላይ የሆነ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ማንም አልተጣላም፤ የማንም ገጸ ባሕርይ አልሞተም። የአክስቴ ልጅ እጇ ላይ የነበረውን ወረቀት ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና «እሺ፣ እኔ ምን ልሥራ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከልቧ ነበር የጠየቀችው፤ ያልለቀቀኝም ለዚህ ይመስለኛል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሁላችንም ከሥራ በምናርፍባት ማታ፣ የ2014ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሕግ ይዘን በአማርኛ እንጫወታለን። እያንዳንዱ ተጫዋች ዘርና ሙያ ያለው ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ መሪው በሚተርከው ዓለም ውስጥ ዳይስ እየወረወረ የሚጫወተው፣ ገጸ ባሕርዩም ልምድ ባገኘ ቁጥር በደረጃ የሚያድግበት ጨዋታ ነው። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። በጨዋታው የአክስቴ ልጅ ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ፣ ከድንጋይ ጋር የኖረ ዘር) ናት፤ ታናሽ ወንድሟ አራኮክራ (ክንፍ ያለው ወፍ መሰል ዘር) ነው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ ወዳጃችን ሃፍ-ኦርክ (ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ኦርክ የሚባል ጉልበተኛ ፍጡር) ሆነው ዊዛርድ፣ ማለትም አስማተኛ ናቸው፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሰው ሆኖ ተዋጊ ነው። ያን ማታ ቡድኑ 40 ጫማ ስፋት ያለው ገደል አፋፍ ላይ ደርሷል። ድልድዩ ከመሃሉ ፈርሶ በሁለቱም ወገን ምሰሶዎቹ ብቻ ቀርተዋል። በሕጉ አንድ ገጸ ባሕርይ ተንደርድሮ የሚዘለው ርቀት በጫማ ሲለካ ከጉልበት ቁጥሩ ጋር እኩል ስለሆነ፣ የማንም ቁጥር ደግሞ 40 ስለማይጠጋ ማንም ዘሎ አይሻገረውም። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ ቀድማ ጠርጥራ ገመድ፣ መዶሻና የብረት ካስማ ገዝታ ነበር። ማን በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ወረቀቷ ላይ ሥላ መጥታለች።

ወንድሟ «እኔ እበራለሁ» አለ። አራኮክራ በአንድ ተራ 50 ጫማ መብረር ይችላል፤ ገደሉ 40 ነው። ወረቀቱ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

ዘመቻው፣ ማለትም ከማታ ወደ ማታ የሚቀጥለው ታሪካችን፣ ከመጀመሩ በፊት የየዘሩን ገጽ ጎን ለጎን አድርጌ መዝኛለሁ። ወረቀት ላይ ሲታይ ድዋርፍ ሀብታም ነው፦ ጨለማ ውስጥ 60 ጫማ ያያል፣ መርዝ በቀላሉ አይጥለውም፣ በመጥረቢያና በመዶሻ መዋጋት ያውቃል፣ የእጅ ሙያ አለው፣ ስለ ድንጋይ ሥራ ልዩ እውቀት አለው፣ የኮረብታው ወገን ከሆነ ደግሞ በየደረጃው አንድ ተጨማሪ የሕይወት ነጥብ ያገኛል። አራኮክራ ያለው ክንፍና ጥፍር ነው። ጨለማ ውስጥ አያይም፤ መካከለኛ ወይም ከባድ ጥሩር ለብሶ አይበርም፤ መሬት ላይ ሲራመድ አዝጋሚ ነው። የዝርዝሩን ርዝመት ብቻ ያየ ሰው የተበደለው ወፉ ነው ሊል ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ግን አንዱ አጭር መስመር ረጅሙን ዝርዝር ሁሉ ዋጠው። ታዲያ በዘሮች መካከል ሚዛን አለ ስንል የምንመዝነው ምኑን ነው?

በኋላ የሚከፈል ዋጋ

ጥያቄው የጨዋታው ታላቅ ወይም እኩያ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ባወጡት የመጀመሪያው ሕግ ድዋርፍ በተዋጊነት ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም። ኤልፍ (ለአስማት ቅርብ የሆነ ሌላ ዘር) በተዋጊነት 4ኛ፣ በአስማተኛነት 8ኛ ላይ ይቆማል። ሰው ብቻ ጣሪያ የለውም። ኤልፉ ሰይፉንም አስማቱንም ይዞ ሲጀምር ሰውየው ምንም የተለየ ነገር ሳይኖረው ይጀምራል፤ ካሣው ወደፊት እንደፈለገ ማደግ መቻሉ ነው። ጋይጋክስ የጨዋታው ዓለም በሰው ልጆች ዙሪያ እንዲሽከረከር ይፈልግ ነበር፤ በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍም ለዚህ አቋሙ ረዘም አድርጎ ተከራክሯል። ጣሪያው የዚያ ፍላጎቱ መሣሪያ ነበር።

ሰውን ለመረጠው ተጫዋች ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ዘመቻ ብዙ ጊዜ ሰማይ ድረስ አይሄድም። አንዱ የሥራ ፈረቃው ይቀየራል፣ አንዷ ትወልዳለች፣ አንዱ ስቴት ይቀይራል፤ ቡድኑ 5ኛ ወይም 6ኛ ደረጃ ላይ ይበተናል። ያን ጊዜ ኤልፉ የበላውን በልቷል፤ የሰውየው ካሣ ግን ሳይከፈል ይቀራል። ዘመቻው ከዘለቀ ደግሞ ሌላው ተራ ይመጣል፦ ኤልፉ ጣሪያው ሥር ቆሞ ጓደኞቹ እያለፉት ሲሄዱ ያያል። ሁለቱን ዘመን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው እኩል ናቸው ሊል ይችላል። ነገር ግን ከሥራ በኋላ ደክሞት፣ ልጆቹን አስተኝቶ የሚመጣ ሰው አማካዩን አይጫወትም። የሚጫወተው ያን ማታውን ነው።

በ1981 የወጣው ቀለል ያለው ሕግ ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኤልፍነት ራሱ ሙያ ሆነና 2ኛ ደረጃ ለመድረስ ተዋጊው 2000 የልምድ ነጥብ ሲበቃው፣ አስማተኛው 2500 ሲፈለግበት፣ ኤልፉ 4000 እንዲሰበስብ ተደረገ። ቢያንስ ዋጋው የሚከፈለው ዛሬ ነው፤ የሚከፈለውም ሁሉም ሰው በሚሰበስበው ነጥብ ነው። ሰይፍና አስማት በአንድ እጅ የያዘ ሰው ቀስ ብሎ ያድጋል ማለት ለጠረጴዛውም ለታሪኩም ስሜት ይሰጣል።

በ2000 የመጣው ሦስተኛው እትም ጣሪያውን አነሣው። ኃይለኛ ለሆኑት ዘሮች ግን ቅድሚያ ክፍያ አመጣ። በ2003ቱ ማሻሻያ ድራው (ከመሬት በታች የሚኖር የኤልፍ ወገን) መሆን የፈለገ ሰው ሁለት ደረጃ ይከፍላል፤ ማለትም ጓደኞቹ 3ኛ ደረጃ ሲሆኑ እሱ ገና የ1ኛ ደረጃ ዊዛርድ ነው። የድራውን አስማት የመቋቋም ኃይል፣ የጨለማ እይታውን፣ የተፈጥሮ አስማቱን አይቶ ይመርጣል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ውጊያ ላይ ለሦስተኛ ደረጃ ቡድን የተመጠነ ጠላት የ1ኛ ደረጃ የሕይወት ነጥብ ይዞ ይገጥመዋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አሳታሚዎቹም ችግሩን አይተው ነበር፤ በ2004 ባወጡት የአማራጭ ሕጎች መጽሐፍ ላይ ይህን ዕዳ በሂደት ከፍሎ መጨረስ የሚቻልበትን መንገድ አስገብተዋል።

የማይጎዳ ቅጣት

ከሁሉም ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላው ዘዴ ነው፦ በአንድ በኩል ሰጥቶ በሌላ በኩል መቀነስ። በሦስተኛው እትም ሃፍ-ኦርክ ጉልበቱ ላይ 2 ይጨመርለታል፤ ብልህነቱና ግርማ ሞገሱ ላይ ሁለት ሁለት ይቀነስበታል። ጉልበት በውጊያ ውስጥ ውድ ስለሆነ ሁለት ቅናሽ ይገባዋል የሚል ስሌት ነው። አሁን ማን እንደሚከፍል እንይ። መጥረቢያ ይዞ ለመጮህ የመጣው ሃፍ-ኦርክ ብልህነቱን የሚጠይቀው የለም፤ የተቀነሰበት ከማይከፍተው ኪስ ነው። ዊዛርድ ልሁን ያለው ሃፍ-ኦርክ ግን ከዕለት ጉርሱ ነው የተቀነሰበት። ቅጣቱ ሊገታው የመጣውን ኃይለኛ ነክቶት አያውቅም፤ የሚመታው ማንንም ያላስቸገረውን ነው።

ጋሼ ገጸ ባሕርያቸውን ሲሠሩ ይህን ነገርኳቸው። እርግጥ በ2014ቱ ሕግ ቅጣቱ የለም። ቢሆንም የሃፍ-ኦርክ ጭማሪ ጉልበትና ጽናት ላይ ስለሆነ ነጥብ ተከፋፍሎ ሲጀመር ብልህነታቸው ቢበዛ 15 ነው። ኖም (ቁመቱ አጭር፣ ብልህ ዘር) ቢሆኑ 17፣ ሃይ ኤልፍ ቢሆኑ 16 ይሆን ነበር። ልዩነቱ በዳይስ ላይ የአንድ ቁጥር ነው፤ ከሃያ ውርወራ አንዱን ይቀይራል። «ኤልፍ ቢሆኑ ይሻልዎታል» አልኳቸው።

«እኔ ትምህርት የጀመርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤» አሉ ጋሼ። «እሱም እንደኔ ለፍቶ ይማር። ስንት ነው ያልከኝ፣ አንድ? አንዱን እኔ እችለዋለሁ።»

ጋሼ ቻሉት። ስንቱ ተጫዋች ግን ያን አንድ ቁጥር ፈርቶ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ እንደተወ ሳስብ ያሳዝነኛል። በ2016 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ደግሞ የኦርክ ብልህነት ላይ 2 ቅናሽ መልሶ አመጣ፤ በኋላ ተነሣ። በ2020 መጨረሻ የወጣው መጽሐፍ ተጫዋቹ ጭማሪውን ወደፈለገው ችሎታ እንዲያዛውር ፈቀደ። በ2024ቱ እትም ጭማሪው ከነጭራሹ ከዘር ላይ ተነሥቶ ገጸ ባሕርዩ ቀድሞ ወደኖረው ሕይወት ሄደ፤ መነኩሴ ቤት ያደገና ወደብ ላይ ሸክም የተሸከመ ሰው የተለያየ ነገር ያገኛሉ። ይህን ለውጥ የሚቃወሙ ወዳጆች አሉኝ፤ ኤልፍና ኦርክ ቁጥራቸው ካልተለየ ምን ቀራቸው ይላሉ። የቀራቸው የሚሠሩት ነገር ነው እላለሁ። ማንም ተጫዋች ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤቱ ሲሄድ «የዛሬው ሁለት ጭማሪ ደስ ሲል» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ሁሉንም ነገር በነጥብ ለመተመን የተደረገው ትልቁ ሙከራ ግን ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ነው። በ2012 የወጣው የዘሮች መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ዋጋ ቆርጦ ድምሩን አወጣ፦ ሰው 9፣ ሃፍ-ኦርክ 8፣ ኤልፍ 10፣ ድዋርፍ 11፣ የድራው መኳንንት 41። ሰንጠረዡን መጀመሪያ ሳየው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ሥራውን በትክክል ሠራው ብዬ። ከዚያ ቁጥሩን ከማውቃቸው ጠረጴዛዎች ጋር ሳስተያየው አልገጥም አለ። 9 የተባለው ሰው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ቀድመው የሚመርጡት ነው። ምክንያቱም ያገኘው ተጨማሪ ችሎታ ወደፈለገው ቦታ ይሄዳል፤ ለዚያ ሙያ የሚያስፈልገውን ብቻ ይገዛበታል። የድዋርፍ 11 ነጥብ ውስጥ ግን ተጫዋቹ በሙሉ ዘመቻው አንድም ቀን የማይነካቸው ነጥቦች አሉ። ድምሩ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ክንፍም እንደዚሁ ነው። በ1ኛ ደረጃ ክንፍ ያለው ሰው ገደሉን፣ ግንቡን፣ ወንዙን፣ ቀስት የሌለውን ጠላት ሁሉ ከላይ ያልፋል። 5ኛ ደረጃ ላይ ግን ዊዛርዱ የመብረር አስማት ይማራል፤ ጓደኛውን ለ10 ደቂቃ ያበርራል። ከዚያ በኋላ ክንፍ ጥሩ ነገር ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። እንግዲህ ሻጩ አንድ ዋጋ ልቁረጥ ቢል የቱን ይቁረጥ? በ2022 የአራኮክራው የበረራ ፍጥነት ከ50 ወደ 30 ጫማ ወርዷል። እኛ ገደል አፋፍ ላይ ብናስበው ወንድምየው፣ ተራውን በሙሉ ለመፍጠን ካላዋለው፣ በአንድ ተራ ፈንታ በሁለት ተራ ይሻገራል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ወረቀቷን የምታስቀምጠው ትንሽ ዘግይታ ይሆን ነበር።

ከገደሉ ማዶ

«እኔ ምን ልሥራ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠሁም። ለመመለስ አፌን ስከፍት ወንድምየው ከማዶ ሆኖ ጠየቀኝ፤ «ገመዱን የቱ ላይ ልሰረው?»

አራት ምሰሶዎች እንዳሉ፣ ሁሉም የተሰነጣጠቁ እንደሆኑ ነገርኩት። «እንግዲያው መጀመሪያው ላይ» ሊል ነው።

«ቆይ! እንዳታስረው!» አለች። ወንበሯ ላይ ቀና ብላለች። ወደ እኔ ዞረች፤ «ድንጋዩ የተጠረበ ነው ወይስ ተለቅሞ የተካበ?»

ማስታወሻዬ ላይ ስለ ድንጋዩ አንድም ቃል አልነበረም። ገደሉን የጻፍኩት እንደ ገደል ብቻ ነበር። ሕጉ ግን ድዋርፍ ስለ ድንጋይ ሥራ አመጣጥ ሲጠይቅ የታሪክ እውቀቱ ላይ የሥልጠና ነጥቡ እጥፍ ሆኖ እንዲወረውር ይፈቅዳል። ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ይህን ባሕርይ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ወረቀቷ ላይ እንደተጻፈ ቀርቷል። «ወርውሪ» አልኳት። ባለ 20 ገጽ ዳይሷን ወረወረች፤ በደንብ ወጣላት። አሁን ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ለአፍታ ዝም አልኩና ወሰንኩ፦ ሁለቱ ምሰሶዎች ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተገጥሞ የተሠሩ ጥንታውያን ናቸው። ሁለቱ ግን ከፈረሱ በኋላ ነጋዴዎች በጭቃና በልቅም ድንጋይ የጠገኗቸው ናቸው፤ ድልድዩ የወደቀውም በነሱ ምክንያት ነው።

«እህትዬ፣ ከዚህ ሳያቸው አንድ ዓይነት ናቸው» አለ ወንድሟ። ጨለማ ውስጥ እንደማያይም ያን ጊዜ ትዝ አለን። ጋሼ ወዲያው የሚንሳፈፉ መብራቶች ላኩለት፤ አስማቱ 120 ጫማ ይደርሳል። «መጋጠሚያውን በጥፍርህ ፋቀው፤» አለችው እሷ፤ «ጭቃ ከረገፈ ተወው፣ ወደሚቀጥለው ሂድ።» ፋቀ። የመጀመሪያው ምሰሶ ረገፈ፤ ገመዱን ሊያስርበት የነበረው ያው ነው። ሦስተኛው ጥፍሩን አልቀበል አለ። እዚያ አሰረው። ከዚያ ካስማዎቿ ወጡ፣ ወረቀቱ ተመልሶ ተነሣ፣ ማን ማንን እንደሚይዝ ክርክር ተጀመረ። እኔ ለረጅም ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገርኩም፤ አያስፈልገኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማንም ቁጥር አልተለወጠም። ክንፉ ያው ክንፍ፣ ድዋርፏም ያቺው ድዋርፍ ናት። ከዚያ ማታ በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ከደቂቃዎች በፊት በአንድ ሰው እጅ ያለቀ ጉዳይ አሁን ሦስት ሰው ይዞታል። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር የአንዱ መልስ ለሌላው ጥያቄ መሆኑ ነው። መብረር «እንዴት እንሻገር» የሚለውን ዘግቶ «የቱ ላይ ልሰር» የሚለውን ከፈተ፤ ያንን ደግሞ ክንፍ አይመልሰውም። የድንጋይ እውቀቱም ብቻውን ቢሆን ከወዲህኛው አፋፍ ማዶ ያለውን መጋጠሚያ ሊፍቅ አይችልም ነበር።

እኔ ሚዛን የምለው አሁን ይህን ነው። ድዋርፍና አራኮክራ እኩል ናቸው የምለው የባሕርያቸው ድምር ስለተስተካከለ አይደለም። አንዱ ሌላውን የሚጠራበት ምክንያት በአንድ ማታ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካለ እኩል ናቸው። ከዚህ ተነሥቼ የቆዩትን ዘዴዎች ሳያቸው ሁሉም ከጠረጴዛው ውጪ ሲያስከፍሉ አገኛቸዋለሁ፦ ጣሪያው ገና ባልመጣ ዓመት ላይ፣ የድራው ቅድሚያ ክፍያ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ የብልህነት ቅናሹ ተጫዋቹ በማይከፍተው ኪስ ውስጥ።

«ጎበዝ መሪ ያስተካክለዋል» የሚሉ አሉ፤ የኔንም ማታ ለዚህ ማስረጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። አልስማማም። ያን ማታ ድንጋዩን ያነሣችው እሷ ናት። ባታነሣው ኖሮ ገመዱ መጀመሪያው ምሰሶ ላይ ታስሮ፣ እኔም ስለ ምሰሶው ምንም ስላልጻፍኩ ሁሉም በሰላም ተሻግሮ፣ እሷ ወንበሯ ላይ እንደተደገፈች ያመሽ ነበር። የአራኮክራው ባሕርይ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ የድዋርፏ ግን መሪው ድንጋይ እስኪያስብ ድረስ ይጠብቃል። አንዱ ራሱን የሚያስነሣ፣ ሌላው የሚቀሰቀስ ከሆነ ልዩነቱን በየሳምንቱ ከኪሱ የሚከፍለው መሪው ነው፤ ገና ጀማሪ የሆነ መሪ ደግሞ መክፈል እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

ለዚህ ነው በ2024ቱ እትም ውስጥ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ብዙ ያልተወራለት አንድ ለውጥ የሆነው። የድዋርፍ የድንጋይ እውቀት አሁን የታሪክ ውርወራ አይደለም። ድዋርፉ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወይም ድንጋይ ነክቶ ለ10 ደቂቃ በ60 ጫማ ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ በንዝረቱ ያውቃል፤ በቀን ውስጥ የተወሰነ ጊዜ፣ ሲፈልግ። ከበሩ ጀርባ የሚራመድ ነገር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ማንንም አይደለም፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ዞር ብሎ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል፤ ሲናገር ደግሞ ሌሎቹ የሚያደርጉት ነገር ይኖራቸዋል። ማን እንደሆነ ግን አላየም፤ ለማየት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ክንፍን ማሳነስ ሳያስፈልግ ድዋርፉን ከወንበሩ ማንሣት ይቻላል ማለት ነው።

ገመዱን የያዘው ሰው

አሁን ወደ አዲሱ እትም እየተሻገርን ነው። ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱ ተጫዋች ስለ ወገኑ ሁለት ነገር እንዲነግረኝ ጠይቄአለሁ፦ ማንንም ሳትጠብቅ የምታስጀምረው ነገር ምንድን ነው? ስታስጀምረው ደግሞ ማን ያስፈልግሃል? በረራን አልከለከልኩም፤ ወደፊትም አልከለክልም። ገደልም ከማስታወሻዬ አላጠፋም። ከገደሉ ማዶ ምን እንዳለ ግን በደንብ እጽፋለሁ።

ይህ አስተሳሰብ የማይደርስበት ቦታ አለ። ቡድኑ ውጊያ ወዳድ ከሆነና ማታው በሙሉ በዳይስ የሚያልቅ ከሆነ ቁጥር ቁጥር ነው። በ2016ቱ መጽሐፍ ያለው ዩዋን-ቲ የሚባል እባብ መሰል ዘር መርዝ ጨርሶ አይነካውም፤ አስማት ሲመጣበት ሁሌም ሁለት ዳይስ ወርውሮ የተሻለውን ይወስዳል። ይህ ባሕርይ ማንንም አይጠራም፤ ምንም ጥያቄ አይከፍትም። በየውርወራው ዝም ብሎ ይጠቅማል፤ ጓደኞቹ ሲወድቁ እሱ ይቆማል። እንዲህ ላለው ነገር ከመቁጠርና እምቢ ከማለት ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም። እምቢ እላለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰው ነው። ያን ማታ ባልደረባዬ ያደረገው ገመዱን መያዝ ነበር። በኋላ ሳጫውተው «ደካማ አይደለሁም እኮ፤ ከሁላችሁም በላይ የምመታው እኔ ነኝ፤» አለኝ። «ግን ሰው በመሆኔ ብቻ የጠራኝ የለም።» እውነቱን ነው። በ2014ቱ አማራጭ ሕግ ሰው የሚያገኘው አንድ ተጨማሪ ልዩ ችሎታ ሌሎች 4ኛ ደረጃ ላይ የሚጠብቁት ነው፤ በጣም ኃይለኛ ነው። በ2024ቱም የልዩ ችሎታው ነገር አለ፤ አንድ የሙያ ሥልጠና ይጨመራል፤ በየረጅም እረፍቱም ያልወጣለትን ዳይስ ዳግም የሚወረውርበት ዕድል ያገኛል። ሁሉም ጥሩ ስጦታዎች ናቸው። ሆኖም ድዋርፏ ከገደል አፋፍ ሆና «ሰው የሆነ አለ?» ብላ የምትጮህበት ምክንያት ከመካከላቸው አንዱም አይሰጣትም።

ስለዚህ አንድ የራሳችንን ሕግ እየሞከርን ነው። ሰው በደረሰበት ከተማ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እዚህ የማውቀው ሰው አለ» ማለት ይችላል። ማን እንደሆነና እንዴት እንደተዋወቁ ተጫዋቹ ይናገራል፤ ያ ሰው ምን እንደሚፈልግ ደግሞ እኔ እወስናለሁ። ያስጀመረው እሱ ነው፤ የትውውቁን ዕዳ ለመክፈል ግን ሌሎቹ ያስፈልጉታል። የአክስቴ ልጅ ከከተማ ውጭ ምንም አይጠቅምም ትላለች፤ ለጫካና ለዋሻም የሚሆን ነገር ይፈለግ ባይ ናት። ወንድሟ ኃይለኛነቱ በዝቷል ይላል። ጋሼ ደግሞ በአዲሱ መጽሐፍ ሃፍ-ኦርክ ተነሥቶ ኦርክ ብቻ ቢቀርም የኔ ሰውዬ እንዳለ ይቀጥላል ብለዋል፤ እናቱ ሰው ከሆነች፣ ያደገውም ሰፈር ውስጥ ከሆነ እሱስ ለምን የሚያውቀው ሰው አይኖረውም እያሉ ይሞግቱኛል። ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ያን ከፈቀድኩ ግን ለባልደረባዬ የሰጠሁት ብቸኛ ነገር ለሁለት ይከፈላልና ሌላ ነገር መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። ለጊዜው የተስማማነው ጋሼ የሚያውቁት ሰው እንዲኖራቸው፣ ያ ሰው ግን እሳቸውን በማየቱ ደስ ይበለው አይበለው በዳይስ እንዲወሰን ነው። የሚቀጥለው ጨዋታ የሚጀመረው የወደብ ከተማ ውስጥ ስለሆነ እዚያ እንሞክረዋለን።